ጋራዥ ውስጥ የከረመ ቢራ ምስክር አይሆንም፤ ስለ ቪክቶሪያ ቢተር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አውስትራሊያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ቪክቶሪያ ቢተርን፣ እዚህ ሁሉም በአጭሩ «ቪቢ» የሚለውን ባለአረንጓዴ ምልክት ቢራ፣ ቀምሰው ፍርድ ሰጥተዋል። ጽሑፉ ጨዋታ ያውቃል፤ እኔም እያነበብኩ ስቄአለሁ። ሳቁን ትቼ ክርክሩን ብቻ ስመለከተው ግን አብዛኛው በእግሩ የሚቆም ሆኖ አላገኘሁትም።

የሚሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። ቪቢ ጣዕም የለውም፤ አለው ከተባለም የረጠበ ካርቶን ጣዕም ነው። ስኳር ስለሚገባበት ቢራ ሊባል አይገባውም፤ ጠጪውንም ስኳር ያስጠጣዋል። በረዶ እስኪመስል የሚቀዘቅዘው ጉዱን ለመሸፈን ነው። የአውስትራሊያ ቢራ ሁሉ አንድ ነው፤ ለዚህም ለንደን የጠጡት፣ የአውስትራሊያ ስም ያለው ፎስተርስ የተባለ ቢራ ማስረጃቸው ነው። ጠጪው ለጣዕም ግድ ስለሌለው ፋብሪካው ውስጡን ቢለውጥበት እንኳ አያውቅም። ሰው ቪቢን የሚገዛውም ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው።

ቪቢ ታላቅ ቢራ ነው ብዬ ለመሟገት አልተነሳሁም። ተራ ቢራ ነው። ሣር ያጨደ፣ ግድግዳ ሲቀባ የዋለ ሰው ጥሙን እንዲቆርጥበት የተሠራ ነው፤ የፋብሪካው ማስታወቂያም ለአሥርተ ዓመታት የሰበከው ይህንኑ ነው። ተራ ነገርን መንቀፍ ይቻላል፤ ነቀፋው ግን በዕቃው ላይ ያለውን ጉድለት መንካት አለበት። የእኔ ቅሬታ ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ የቀመሱት ቢራውን ሳይሆን ስለ ቢራው የሰሙትን ነው የሚል ነው።

የጽሑፉ ምሰሶ የጣዕሙ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ጸሐፊው በቅንነት አንድ ነገር ነግረውናል። የቀመሱት ጠርሙስ ከገና ድግስ ተርፎ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ወር ከተቀመጠ ካርቶን የወጣ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት አቆይተው አፋቸውን ጠርሙሱ ላይ አድርገው ጠጡት። የአውስትራሊያ ገና በጋ ላይ እንደሚውል እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። በጥር ሜልቦርን ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ያ ካርቶን ያን ሁሉ ሙቀት ተቀብሏል።

ቢራ ሲያረጅ፣ ይልቁንም በሙቀት ውስጥ ሲያረጅ፣ ትራንስ-2-ኖኔናል የሚባል ውህድ ጣዕሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል። መጠኑ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም አፍንጫ ይለየዋል። የቢራ ቀማሾች ሥልጠና ላይ ይህ ሽታ የሚገለጸው በምን እንደሆነ ጸሐፊው ቢያውቁ ይገረሙ ነበር፦ በእርጥብ ካርቶን። እንግዲህ አፍንጫቸው አልተሳሳተም፤ እንዲያውም ጥሩ አፍንጫ አላቸው። የከሰሱት ግን ያልበደለውን ነው። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ወር የሚከርም የቼክም ሆነ የጀርመን ቢራ ያንኑ ሽታ ይዞ ይወጣል።

ከጠርሙስ መጠጣቱም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ጣዕም ብለን የምንጠራው ስሜት አብዛኛው የሚመጣው በአፍንጫ በኩል ነው። ጠባብ የጠርሙስ አንገት ለአፍንጫ ምንም አይሰጥም። ቢራን እንዲህ ጠጥቶ ሽታ የለውም ማለት አፍንጫን ይዞ ወጥ እንደመቅመስ ነው።

አሁን እኔ የማውቀውን ቪቢ ልግለጽ። ከሱቅ ማቀዝቀዣ የወጣ፣ ቀኑ ያላለፈ፣ ሳሙና ባልቀረበት ብርጭቆ የተቀዳ ነው። ቀለሙ ከብዙዎቹ የአገሩ ላገሮች፣ በቅዝቃዜ ከሚፈሉት የተለመዱ ፈዛዛ ቢራዎች፣ ጠቆር ያለ ወርቅማ ነው። አረፋው ነጭ ሆኖ ይነሳል፤ ቶሎም ይሞታል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፣ አረፋው የሚያኮራ አይደለም። ሽታው ደካማ ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣው የእህል ሽታ ነው፣ እንደ ታጠበ ገብስ ያለ፤ ከኋላው ጥቂት የበሰለ ፖም የሚመስል ፍሬያማ ነገር አለ። አፍ ውስጥ ሲገባ ለቅጽበት የብቅል ጣፋጭነት ይታያል፤ ወዲያው መራራው ተነስቶ ይሸፍነዋል። ይህ መራራ የአበባ ወይም የሎሚ መዓዛ ያለው ዓይነት አይደለም፤ የእንጨትና የደረቀ ቅጠል ጠባይ አለው፣ ሻካራ ነው፣ ከዋጡትም በኋላ ምላስ ሥር ይቆያል። ወዳጄ መሆን አይጠበቅበትም። «ጣዕም የለውም» ለሚለው ግን መልስ ነው፦ ቪቢ ላይ የሚቀርበው ትክክለኛ ወቀሳ ጣዕሙ ሻካራ ነው የሚለው ነው። የለም የሚለው አይደለም።

ያ ሻካራነት ታሪክ አለው። የሚመጣው ፕራይድ ኦፍ ሪንግውድ ከሚባለው የሆፕስ ዝርያ ነው፤ ሆፕስ እንደ ጌሾ ለቢራ መራራነት የሚሰጥ ተክል ነው። ሪንግውድ በሜልቦርን ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለ ሰፈር ነው፤ የቪቢ ጠማቂ የሆነው ካርልተን ኤንድ ዩናይትድ የሆፕስ ምርምር ጣቢያ የነበረው እዚያ ነው፤ ዝርያው የተገኘውም በ1950ዎቹ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወጣበት ጊዜ መራራነትን በሚሰጠው አልፋ አሲድ ይዘቱ በዓለም ላይ ከነበሩት ዝርያዎች ሁሉ የሚልቅ ነበር። ለፋብሪካው ይህ ማለት በጥቂት ሆፕስ ብዙ መራራነት ማለት ነው፤ የቁጠባ ውሳኔ እንደነበር አልክድም። ውጤቱ ግን በመላ አገሪቱ የቢራ አፍ ላይ የተቀመጠ ልዩ ጠባይ ሆነ። በደንብ የቀመሰ ሰው ከሆላንድ ወይም ከጀርመን ላገር የሚለየው በዚህ ነው።

ወደ ስኳሩ ልሂድ። ስኳሩ እውነት ነው። ቪቢ ውስጥ ከገብስ ብቅል ጋር የሸንኮራ አገዳ ስኳር ይገባል። የአውስትራሊያ ጠማቂዎች ይህን ልማድ የያዙት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። ጸሐፊው ከዚህ እውነት ተነስተው ሁለት ድምዳሜ ላይ ይደርሳሉ፤ ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

የመጀመሪያው፣ ስኳር ገብቶበታልና ጠጪው የሚጠጣው ስኳር ነው የሚለው ነው። ይህ እርሾን መርሳት ነው። እርሾ የአገዳ ስኳርን አሟጦ ይበላዋል፤ ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ከብቅል የሚመጣው ስኳር ግን ከፊሉ ለእርሾው አይመችም፤ ሳይፈላ ይቀርና ለቢራው ውፍረትና ጣፋጭነት ይሰጣል። ስለዚህ ከብቅሉ ከፊሉን ቀንሶ በስኳር የተካ ጠማቂ የሚያገኘው ቢራ ቀጠን ያለና ደረቅ ነው እንጂ የጣፈጠ አይደለም። ጸሐፊው ራሳቸው በሌላ አንቀጽ ቢራው «ቀጭን» ነው ብለው ያማርራሉ፤ ያ ቅጥነት የስኳሩ ሥራ መሆኑን ግን አላገናኙትም። ቀጭንም ነው፣ ስኳራምም ነው ማለት አንዱ ክስ ሌላውን ያፈርሰዋል።

ለጤና የሚያስብ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት አልኮሉ ላይ ነው። 375 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቪቢ ጠርሙስ አልኮሉ በ4.9 በመቶ ሲሰላ ወደ 14.5 ግራም ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ አንድ ግራም አልኮል ደግሞ 7 ካሎሪ ነው። ከአልኮሉ ብቻ 100 ካሎሪ ገደማ ተቆጠረ ማለት ነው። ይህ ለማስጠንቀቂያ ከበቂ በላይ ነው፤ የሌለ ስኳር መጨመር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ድምዳሜ ስኳር የገባበት ነገር ቢራ አይባልም የሚለው ነው። ጸሐፊው የ1516ቱን የባቫሪያ (የደቡብ ጀርመን ግዛት) ሕግ ይጠቅሳሉ፤ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ ብቻ ይሠራ የሚለውን። ያ ሕግ የባቫሪያ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ ጠማቂዎች ስኳር እንዲጠቀሙ በ1847 ፈቅዷል። ዓለም የሚያደንቃቸው የቤልጂየም የመነኮሳት ቢራዎች፣ ዌስትማሌ ትሪፕልን ጨምሮ፣ ስኳር ይገባባቸዋል፤ ጠንካራ ሆነው ሳለ ለመጠጥ የማይከብዱትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካው በድዋይዘር ሩዝ አለው። መስፈርቱን ከያዝን ለሁሉም እንያዘው፤ ለመነኮሳቱ ሲሆን ጥበብ፣ ለሜልቦርን ሲሆን ማጭበርበር ሊሆን አይችልም። ደግሞስ ይህን ክስ በአማርኛ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ጠጃችን የሚጣለው ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚፈላው የማር ስኳር ነው። ለጠጅ ይህን ነውር ያለው ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

የአውስትራሊያ ጠማቂዎች ስኳርን የመረጡበትም ምክንያት ተራ ስስት ብቻ አልነበረም። የዚያን ዘመን የአገሩ ገብስ ፕሮቲኑ የበዛ ነበር፤ በእሱ ብቻ የተጠመቀ ቢራ ይከብዳል፣ ይደፈርሳል። ሰሜናዊቷ የኩዊንስላንድ ግዛት አገዳ ነበራት። አየሩም የሚፈልገው ቀላል መጠጥ ነበር። ዋጋው ርካሽ መሆኑ ረድቷል፣ ይህን እቀበላለሁ።

ስለ ቅዝቃዜው የተጻፈው ግማሹ ትክክል ነው። ቅዝቃዜ መዓዛን ያፍናል። ቪቢ ብርጭቆ ውስጥ ሞቅ እያለ ሲሄድ ደስ የማይል የብቅል ጣፋጭነት ብቅ ይላል፤ ለብ ያለ ቪቢ እኔም አልጨርስም። ግን «ጉድ ለመሸፈን» የሚለው የነገሩን አመጣጥ ይገለብጠዋል። ሜልቦርን አጠገብ ባለችው በጂሎንግ ከተማ ይኖር የነበረው ጄምስ ሃሪሰን በ1850ዎቹ በረዶ የሚሠራ ማሽን ሲፈለስፍ ከመጀመሪያ ፈላጊዎቹ አንዱ ቢራ ጠማቂ ነበር። በዚያ ሙቀት ቅዝቃዜ የሌለው ቢራ ይበላሽ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ላገር ገና ሲታሰብ ጀምሮ ቀዝቅዞ እንዲጠጣ የተሰላ ነው። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ሲያደበዝዝ መራራውን ያን ያህል አይነካውም፤ ጠማቂው መራራውን የጨመረው ይህን አውቆ ነው። የመጠጥ ቤቱ ብርጭቆም ለዚሁ ያገለግላል። ሜልቦርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት የተለመደው «ፖት» የሚባል ብርጭቆ 285 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ሳይሞቅ ያልቃል። ለጠርሙሱ ደግሞ እጅ እንዳያሞቀው የስፖንጅ ልብስ ሠርተውለታል። ትኩስ እንዲጠጣ የተፈላ ቡና ቀዝቅዞ መጥፎ ሆነ ብለን ያፈላውን አንከስም።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ እንከን የሚሸፍነው ጥቁርና ጠንካራ ቢራ ነው። ፈዛዛ ላገር መደበቂያ የለውም። ዳይአሴቲል የሚባለው የቅቤ ጣዕም የሚሰጥ ውህድ በላገር ውስጥ በአንድ ሊትር ከአንድ ሚሊ ግራም አንድ አሥረኛ ገደማ ሲደርስ ብዙ ቀማሽ ይነቃበታል። በሚሊዮን የሚቆጠር ጠርሙስ ዓመት እስከ ዓመት ያለዚህ ጉድለት ማውጣት ሥራ ነው። የሚያስደስት ሥራ ላይሆን ይችላል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ቢራውን ወፍራም አድርገው ጠምቀው በመጨረሻ በውኃ የማቅጠን ልማድ እንዳላቸውም እጨምራለሁ፤ ይህ በዓለም ዙሪያ ያለ አሠራር ስለሆነ ለአንድ አገር ነውር ሊሆን አይችልም፤ እኔ ግን አልወደውም።

ጸሐፊው አውስትራሊያውያን ቢራ የሚገለብጡት ማጣጣም ስላልተማሩ ነው ብለው ያሾፋሉ። ከ1916 እስከ 1966 በቪክቶሪያ መጠጥ ቤቶች በሕግ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጉ ነበር። ከሥራ በ11 ሰዓት የወጣ ሠራተኛ የነበረው ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። ሃምሳ ዓመት እንዲህ የጠጣ ሕዝብ ፈጣን ጠጪ ቢሆን አይፈረድበትም፤ ላገሩም ከዚህ ልማድ ጋር አብሮ ያደገ ነው።

ፎስተርስን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጸሐፊው ለንደን የጠጡት ፎስተርስ የተጠመቀው እንግሊዝ ውስጥ፣ ማንቸስተር ነው፤ ባለመብቱም ሄኒከን ነው። በ2023 አልኮሉ ወደ 3.7 በመቶ ወርዷል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ፎስተርስ ሲጠጣ ማየት ብርቅ ነው። ስሙን የሰጡት የፎስተር ወንድማማቾች እንኳ ከአሜሪካ መጥተው በ1888 ሜልቦርን ላይ መጥመቅ ጀምረው ዓመት ከጥቂት በኋላ ፋብሪካውን ሸጠው የሄዱ ናቸው። በማንቸስተር ቢራ ሜልቦርንን መፍረድ አይቻልም።

«ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ላይ ትልቁን እሺታዬን እሰጣለሁ። ዓይኑ ተሸፍኖ ካርልተን ድራፍትን ከቱሂስ ኒው፣ ሁለቱን የአገሩን የታወቁ ላገሮች፣ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ሁልጊዜ እለያለሁ ብዬ አልወራረድም። ሁለት ነገሮች መመሳሰላቸው ግን ጣዕም እንደሌላቸው አያሳይም። ልዩነቱም ከቤተሰቡ ወጣ ሲባል ይሰፋል። ፎርኤክስ ጎልድ 3.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ግሬት ኖርዘርን ለሰሜኑ ሙቀት ታስቦ መራራው እጅግ የለዘበ ነው፤ ከሁለቱ አጠገብ ቪቢ ሲቀመጥ መራራው ወዲያው ይታወቃል። ከላገር ወጥቶ አደሌድ ለሄደ ደግሞ ከ1862 ጀምሮ የሚጠምቀው የኩፐር ቤተሰብ አለ፤ ስፓርክሊንግ ኤል የተባለው ቢራቸው 5.8 በመቶ፣ እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀር፣ ደፍርሶ የሚጠጣ ነው። ይህን ከቪቢ ጋር አንድ ያደረገ ሰው ሁለቱን አልቀመሰም።

ጠጪው አያውቅም፣ ቢለወጥበትም አይነቃም የሚለው ደግሞ ተፈትኖ የወደቀ ነው። በ2009 ፋብሪካው የቪቢን አልኮል ወደ 4.6 በመቶ ዝቅ አደረገ። አውስትራሊያ ውስጥ የቢራ ኤክሳይስ ቀረጥ የሚሰላው በአልኮሉ መጠን ስለሆነ ትንሽ መቀነስ ብዙ ገንዘብ ያስቀራል። የጸሐፊው አስተሳሰብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አላበቃም። ጠጪው አጉረመረመ፣ ሽያጩም ወረደ፤ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል በሽያጭ አንደኛ የነበረው ቢራ በ2012 ቦታውን ለፎርኤክስ ጎልድ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ስህተቱን በአደባባይ ተቀብሎ ቢራውን ወደ 4.9 በመቶ መለሰው። ሰው የተቆጣው በጣዕሙ ነው ወይስ በመታለሉ ሊባል ይችላል፤ ሁለቱም እንዳሉበት እገምታለሁ፤ አልኮሉ በምልክቱ ላይ ተጽፎ ነበርና። ደግሞ ቦታውን የወሰደው ከእሱ የቀለለ ቢራ መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ሽያጭ በአንድ ምክንያት ብቻ አይወርድም። ቢያንስ ግን ለሚጠጣው ግድ የሌለው ሕዝብ አንድን ትልቅ ኩባንያ ሲያጥፍ አይታይም።

ቢራው ዛሬ የጃፓኑ የአሳሂ ንብረት መሆኑ፣ ከ2020 ወዲህ፣ እውነት ነው። ጸሐፊው ይህን በቁጭት ያነሱታል፤ ቁጭቱ ይገባኛል፤ ከጣዕሙ ጋር የሚያገናኘው ነገር ግን አላሳዩም።

የቀረው ዋጋው ነው። ቪቢ ከትንንሽ ጠማቂዎች ቢራ ይረክሳል፤ ይህ አያከራክርም። «ሰው የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው» የሚለው ግን የአገሩን ቀረጥ ያላየ አባባል ነው። ከ1.15 በመቶ በላይ ያለው የቢራ አልኮል ሁሉ በሊትር ይቀረጣል፣ ቀረጡም ከዋጋ ንረት ጋር እየታየ ሲጨምር ኖሯል፤ 24 ጠርሙስ የያዘ የቪቢ ካርቶን ከ50 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው። የወይን ጠጅ ግን የሚቀረጠው በአልኮሉ ሳይሆን በጅምላ ዋጋው 29 በመቶ ነው፤ ርካሽ ወይን ርካሽ ቀረጥ ይከፍላል። አውስትራሊያ በ1965 ለዓለም ያበረከተችው በካርቶን የሚሸጠው ወይን አሁንም በየሱቁ አለ። አራት ሊትሩ በ11 በመቶ ሲሰላ 440 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ የቪቢው ካርቶንም 441። የወይኑ ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቢራው ግማሽ በታች ነው። ርካሽ አልኮል ብቻ የሚፈልግ ሰው ከቪቢው መደርደሪያ አጠገብ አይቆምም፤ አልፎት ወይኑ ጋ ነው የሚሄደው።